በጂቱ ካርድ

ፍቅርተ ልጇን ማጥባት ስትጀምር ታላቅ እህቷ ጂቱ ዓይኗን የምታሳርፍበት ቦታ ጠፋት። ኮሪደሩ ጠባብ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ጥጉ የተቀደደ የወባ ፖስተር፣ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት በር፤ በቃ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ፖስተሩን አራት ጊዜ አነበበችው። አምስተኛውን ስትጀምር ሕፃኑ ጡቱን ለቀቀና ሳቀ፤ ሳታስበው ዞር አለች። ወተቱ በልጁ አገጭ ላይ እየወረደ ነው።

«እስቲ ያዢልኝማ፣ ነጠላዬን ላስተካክል» አለች ፍቅርተ።

«እጄ ቀዝቃዛ ነው» አለች ጂቱ።

እጇ ቀዝቃዛ አልነበረም።

ሕፃኑ ስምንት ወሩ ነው። ለፍቅርተ ሦስተኛ ልጇ ነው። የመጀመሪያዋ ስትወለድ ጂቱ ከአምቦ ጊንጪ ድረስ ሄዳ ገንፎውን በራሷ እጅ አገንፍታለች፣ አሥራ አምስት ቀን አራሷን ስታጥብ ስታበላ ከርማለች። ሁለተኛው ሲወለድ ቅቤ ላከች። ይኼኛው ሲወለድ ግን አሞኛል አለች። እውነት አሟት ነበር፤ ባያማትም ግን አትሄድም ነበር። ይህን የሚያውቁት እሷና እግዜር ብቻ ናቸው። ለንስሐ አባቷ ስንቱን ተናግራ ይችን አንዷን ዋጠቻት።

ምን ብላስ ትናገር? እህቷን ትወዳታለች። እናታቸው ስትሞት ፍቅርተ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጠጉሯን እያበጠረች፣ ዩኒፎርሟን እየሰፋች፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃቻት ጂቱ ናት። ግን ደግሞ የፍቅርተ ትልቋ ልጅ ለክረምት አምቦ መጥታ «አክስቴ፣ አክስቴ» እያለች ቀኑን ሙሉ ስትከተላት ትውልና፣ ስልክ ሲደወል «እማዬ!» ብላ ስትሮጥ፣ ጂቱ ስልኩን ነጥቃ ግድግዳው ላይ መወርወር ያምራታል። ከዚያ ትደነግጣለች። ከዚያ ለልጅቷ ዳቦ በማር ትቀባላታለች።

ዛሬ እዚህ ያመጣት ክሷ ነው። የጤና ባለሙያዎችን ጥፋት የሚያይ ኮሚቴ የመጨረሻውን ቃል ዛሬ ይሰማል። ፍቅርተ «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ከባሏ ከቀንዓ ጋር በአይሱዙው መጣች። ቀንዓ እህል ነጋዴ ነው፤ ጤፉን አራግፎ ግቢው ውስጥ መኪናው አጠገብ ይጠብቃቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር የጂቱ ሆድ እንደ እርጥብ ልብስ ይጨመቅ ነበር። ስፌት መኪናዋን ትታ መሬት ላይ ትንበረከካለች። ሲብስባት ሰፈሯ ውስጥ ያለው የሥዩም ክሊኒክ ትሄዳለች። ሥዩም ጤና መኮንን ነው፤ ሰዉ ግን «ዶክተር» ነው የሚለው። አንድ ቀን ታይፎይድ ነው ይላታል፤ አንድ ቀን ጨጓራ፤ አንድ ቀን የሽንት ቧንቧ። ዲክሎፌናክ ይወጋታል፣ ኪኒን ይሰጣታል፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ስትወልጂ ይተውሻል» ይላታል። እንዳትወልድ የያዛት ራሱ ሕመሙ መሆኑን የነገራት የለም።

ደሙ ደግሞ አሥር ቀን ይቆያል። አሥር ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም ማለት ነው። ከቅጥሩ ውጪ ቆማ ታስቀድሳለች፤ የዕድሜ እኩዮቿ ልጆቻቸውን አዝለው ሲያቆርቡ ጀርባቸውን ታያለች። አንዷ ልጅ አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ፣ ሌላ በሆዷ ይዛ ስትገባ ጊዜ፣ ጂቱ እዚያው ደጁ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን በመስቀለኛ አጣፍታ፣ «ይሄን ሁሉ ለአንዷ?» ብላ እመቤቴን ጠይቃታለች። በጸሎት ሰዓት። ይኼንንም አልተናዘዘችም።

በ2015 ስፌት መኪናዋ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ባሏ ዓብዲሳ አዲስ አበባ ወሰዳት። ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው አሏት፤ በማህፀን ውስጥ መሆን ያለበት ሥጋ ከማህፀን ውጪ በቅሎ አንጀቷንና የእንቁላል ከረጢቶቿን አጣብቋል። አንዱን አወጡት። ሌላው አልሠራም። ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «አራት አምስት ዓመት ቀድመሽ ብትመጪ ኖሮ» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ጂቱ እሱ የተወውን ቀሪ ይዛ ነው የከሰሰችው።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ማኅተም ባለበት ወረቀት እንዲጻፍላት። የባሏ እናት አዴ ጉዴ ለጎረቤት «ምን ላድርግ፣ ጥላዋን የሚያክል ልጅ እንኳ አላየሁላት፤ ራሷን ሳትጠብቅ ቀርታ ነው» እያሉ ሲያወሩ ሰምታለች። ያን ወረቀት አዴ ጉዴ ፊት ዘርግታ በዓብዲሳ አፍ ልታስነብባቸው ነው።

በሩ ተከፈተ። «አዴ ጂቱ፣ ግቢ።»

ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት ሰብሳቢው ኦቦ ጂራ ናቸው፤ ሁለቱ ጸሐፊዎች ናቸው። ሥዩም ክራቫት አስሮ በቀኝ በኩል ተቀምጧል። ፊቱ የተረጋጋ ነው፤ እንደ ድሮው ሁሉ ቀና ብሎ ጂቱን አላያትም። ከፊቱ ጠርዙ ያረጀ ቢጫ ካርድ አለ። የሷ ካርድ።

«መልስ አለኝ ብለሃል» አሉት ኦቦ ጂራ።

«አለኝ።» ካርዱን ገለጠ። «ጥቅምት 14 ቀን 2011። ታካሚ ጂቱ። የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ከወር አበባ ጋር የተያያዘ፣ ሽንት ቤት ስትቀመጥ የሚብስ። ኢንዶሜትሪዮሲስ ተጠርጥሯል። ለከፍተኛ ምርመራ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላታል።» ካርዱን ወደ ሰብሳቢው ገፋው። «ልኬያታለሁ። አልሄደችም። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ሂጂ ብያታለሁ፣ እምቢ አለች። የማስታገሻ መርፌ ከመስጠት ሌላ ምን ላድርግ?»

ጸሐፊዎቹ ጻፉ።

ጂቱ መጀመሪያ ውሸት መስሏት ልትጮህ ነበር። ኦቦ ጂራ ካርዱን ወደ እሷ አዞሩላት። የሥዩም ጽሕፈት ነው፤ ቀለሙም አርጅቷል። ካርዱ ውሸት አይደለም፤ ውሸቱ «በመጣች ቁጥር ሂጂ ብያታለሁ» ማለቱ ነው። ጥቅምት 14። የአቡነ አረጋዊ ዕለት። ያን ቀን ታስታውሰዋለች። ያን ቀን የታመመችው እሷ አልነበረችም።

ፍቅርተ ነበረች።

ለጥር ሠርጓ ሦስት ወር ሲቀር፣ ለዕቃ ግዢ አምቦ መጥታ ጂቱ ቤት ሆዷን ይዛ ወደቀች። ክሊኒኩ ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ ደግሞ የቀንዓ የአክስት ልጅ ናት። የታጨች ልጅ ስሟ በማህፀን ሕመም ካርድ ላይ ወጥቶ ወሬው ጊንጪ ቢደርስ ሠርግ የሚባል ነገር አይኖርም። ጂቱ ናት መላውን ያመጣችው። «በኔ ካርድ ግቢ። እኔ ያገባሁ ነኝ፣ ስሜ ምን ይሆናል» አለቻት። ነጠላዋን አውልቃ አከናነበቻት፣ ካርዱን ከመስኮቱ ራሷ ተቀበለችላት፣ ደጅ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ለማንም ላትናገርም በማርያም ማለችላት። ፍቅርተ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስትመለስ «ትርፍ አንጀት ነው አሉኝ» አለቻት። ጂቱም ተመስገን ብላ ስለት አስገባች።

ትርፍ አንጀት።

«አዴ ጂቱ፣ ይህን ካርድ ታውቂዋለሽ?» አሉ ኦቦ ጂራ።

«አውቀዋለሁ።»

«ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። ያን ቀን ግን የታከምኩት እኔ አይደለሁም።»

ሥዩም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«እና ማን ነው?» አሉ ኦቦ ጂራ።

ጂቱ አፍ ውስጥ የፍቅርተ ስም አለ፤ መሐላዋም አለ። በሩ ሥር የሕፃኑ ድምፅ ይሰማል።

«በሰው ካርድ መታከም እኮ እሱ ራሱ ጥፋት ነው» አሉ ኦቦ ጂራ፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ የለውም፣ ድካም ነው ያለው። «ሌላ ሰው ነበር ካልሽ ሴትየዋን አምጪያት። ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ካልመጣች በካርዱ እንወስናለን።»

«በካርዱ ከወሰናችሁ ምን ትጽፋላችሁ?»

«ሂጂ ተብላ አልሄደችም ብለን ነው የምንጽፈው። ሌላ ምን እንጽፋለን?»

ጂቱ ከወንበሩ ስትነሳ የአዴ ጉዴ ፊት በዓይነ ሕሊናዋ መጣባት። ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ፣ እሷ ራሷ ለምና ባስጻፈችው ወረቀት ላይ።

ቀንዓ ዳቦና ለስላሳ ይዞ መጥቶ ነበር። ጂቱ ፍቅርተን በክንዷ ይዛ ግቢው ውስጥ ካለው መጋዘን ኋላ፣ ጽድ ዛፍ ሥር ወሰደቻት። ፍቅርተ ልጁን እንደታቀፈች ተከተለቻት።

«እቴቴ፣ ምን አሉሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ያን ጊዜ አዲስ አበባ ምን ነው ያሉሽ?»

ፍቅርተ ወዲያው ገባት። ገብቶኛል ማለት እንደሌለባትም ገባት። «የቱን ጊዜ?»

«አታሹፊብኝ! ካርዱ ላይ ተጽፏል። ትርፍ አንጀት ነው ያልሽኝ።»

ልጁ የእናቱን ሐብል ይጎትታል። ፍቅርተ ሐብሉን ከእጁ አስለቀቀችው፣ መልሳ ሰጠችው፣ ደግሞ አስለቀቀችው።

«ስሙን ነግረውሻል?» አለች ጂቱ።

«ነግረውኛል።»

«እኔ ቤት ትራስ ነክሼ ስንከባለል አይተሽኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

«ያው መሆኑን አውቀሻል።»

ፍቅርተ አለቀሰች፤ ጂቱ ግን እንባዋን አልጠበቀችላትም። «አራት ዓመት! ሳይረፍድብኝ! ሐኪሙ አራት አምስት ዓመት ነው ያለኝ። ስልክ አልነበረሽም? ለምን?»

«ቶሎ ካልወለድሽ ይመለሳል አሉኝ፤ አንድ ዓመት እንኳ አትቆዪ አሉኝ። ወዲያው አረገዝኩ። እንዴት ልንገርሽ? በሽታው ያንቺው ነው፣ እኔ ድኛለሁ፣ አርግዣለሁ ልበልሽ?» ድምፅዋ ቀነሰ። «ዓይንሽን ፈራሁ፣ እቴቴ።»

ጂቱ አልገባትም። ከዚያ ገባት።

«ምኔን?»

«ሆዴን የምታይበትን ዓይን። ገንፎ ስታገነፊ እንኳ ታይኝ የነበረውን። ልጄ ይወርድብኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ከወለድኩ በኋላ ደግሞ፣ እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። እያደረ ከበደ።»

ጂቱ «አልቀናሁብሽም» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አያውቅብኝም ብላ የደበቀችው ነገር፣ ለካ ፊቷ ላይ ተጽፎ እህቷ ስታነበው ኖራለች። ልብሷን የገፈፏት ያህል አፈረች። ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ተነሣ፤ ይህችን ልጅ አጠገቧ ቆማ እንኳ፣ ስታለቅስ እንኳ፣ ጡቷ ነጠላዋን አርሶት ስታየው ቀናችባት። አሁንም።

«እና ዓይኔ ምን አደረገሽ?» አለቻት ቀስ ብላ። «ሦስት ወለድሽ።»

ፍቅርተ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ስምንት ሰዓት ላይ ካልመጣሽ፣ ሂጂ ተብላ አልሄደችም ብለው ይጽፉብኛል። መካንነቴን በገዛ እጄ አመጣሁት ብለው።»

«ማሎ እቴቴ፣ እባክሽ! ቀንዓ አያውቅም። ታምሜ እንዳገባሁት አያውቅም። እናቱ ሲሰሙስ? ሦስት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?»

«ያን ቀን በኔ ስም ገባሽ። ዛሬ በራስሽ ስም ግቢ።»

ይህን ብላ ጥላት ሄደች። ቀንዓ ከመኪናው አጠገብ «አዴ ጂቱ፣ ዳቦ ብዪ እንጂ» ሲላት «ጾም ነኝ» አለችው። ረቡዕ አልነበረም፣ ዓርብም አልነበረም። ቀንዓ ግን ደግ ሰው ስለሆነ አልጠየቃትም።

ስምንት ሰዓት ላይ ጂቱ ብቻዋን ገባች። ኦቦ ጂራ ሰዓታቸውን አዩ።

«ሴትየዋስ?»

«አላውቅም።»

«አታውቂም?»

«ኦቦ ጂራ፣ እሷ ብትመጣም ባትመጣም እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ።» ወደ ሥዩም ዞረች። «ያን ቀን ያየሃት ልጅ ቀይ ናት፤ እኔ ጥቁር ነኝ። ከኔ ስምንት ዓመት ታንሳለች። ስንት ዓመት ሙሉ መርፌ የወጋኸኝን ሴት ፊት አታውቀውም?»

«በቀን ስድሳ ሰው ነው የማየው» አለ ሥዩም። ከዚያ ያለውን ራሱ ገና እንደሰማው ሰው ጨመረበት። «ካርዱን ነው የምናየው። ካርዱ ላይ ያለው ስም ነው።»

አንደኛው ጸሐፊ ብዕሩን አነሣ፣ አቆመ፣ ሰብሳቢውን አየ። ኦቦ ጂራ ካርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ምስክር ከሌለ ግን...» ብለው ሲጀምሩ በሩ ተንኳኳ።

ፍቅርተ ገባች። እጇ ባዶ ነው፤ ልጁን ቀንዓ ታቅፎታል፣ እሱም ምን እንደሆነ ሳይገባው በሩ ላይ ቆሟል። ውጣ ያለው የለም።

«ስም?» አሉ ኦቦ ጂራ።

ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ተናገረች። ከዚያ ሳይጠይቋት ቀጠለች። «ጥቅምት 14 ቀን በጂቱ ካርድ የገባሁት እኔ ነኝ። ሆዴን ያመኛል አልኩት። ሌላስ ብሎ ጠየቀኝ። ሽንት ቤት ስቀመጥ ቢላ የተሰካብኝ ያህል ነው አልኩት። ደሙ ከመምጣቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ይጀምረኛል፣ እግሬ ድረስ ይወርዳል፣ አስታውከዋለሁ አልኩት። ቶሎ አዲስ አበባ ሂጂ አለኝ። ሄድኩ። በራሴ ስም ነው የታከምኩት፣ ወረቀቱ ጊንጪ ቤቴ አለ። ይኸው ጠባሳውም።» እጇን ቀሚሷ ላይ፣ እንብርቷ አካባቢ አሳረፈች። ቀንዓን አላየችውም።

ሁለቱም ጸሐፊዎች ይጽፋሉ። ኦቦ ጂራ ወደፊት አዘንብለዋል። ሥዩም ራሱ ፍቅርተን ትክ ብሎ እያየ አንዴ አንገቱን ነቀነቀ፤ አስታወስኳት የሚል ይመስላል።

ጂቱ ማመስገን ነበረባት። እህቷ ትዳሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣላታለች። ጂቱ ግን የምታየው ብዕሮቹን ነበር። ቢላ የተሰካብኝ ያህል። እግሬ ድረስ። እነዚያን ቃላት ታውቃቸዋለች፤ በ2006 ዓ.ም. ለዚያው ሰውዬ፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣ አንድ በአንድ ነግራዋለች፤ በ2008 ደግማለች፤ በ2010 እያለቀሰች ብላለች። ፍቅርተ አንዴ ብላ ሪፈር ተጻፈላት። ዛሬ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ብላ ክፍሉ ሙሉ ጸጥ አለላት። ለምን እሷን? ምን አላት? የራሷን ሕመም እንኳ ከእህቷ አፍ ሲሰሙት ነው ያመኑት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሰዎቹ የደስታ እንባ መሰላቸው።

ቀንዓ በሩ ላይ ልጁን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዞረ። «ፍቅርተ?» አለ፣ ዝግ ብሎ።

ኦቦ ጂራ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥሩ። ቃልሽ ተይዟል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ።» ካርዱን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። «የበሽታውን ስም በ2011 አውቀሻል። እህትሽ እንደዚያው ስትሠቃይ ታይ ነበር። ያን ጊዜ ብታውቅ ኖሮ ትድን ነበር፤ ሐኪሙ እንደዚያ ብሏታል። እና አንቺ እስከ 2015 ድረስ ለማን ነገርሽ?»

ፍቅርተ እጇን ከሆዷ አነሣች። ቀንዓን አየች፤ ሥዩምን አየች፤ በመጨረሻ ጂቱን አየች፣ «ልበል?» ብላ እንደምትጠይቅ ሰው። ብዕሮቹ ወረቀቱ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

መልሱን ጂቱ ታውቀዋለች። ጽድ ዛፉ ሥር ሰምታዋለች። ሆኖም እንደ ወንዶቹ ሁሉ እሷም ወንበሯ ላይ ወደፊት አዘንብላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ለመስማት ትጠብቅ ነበር።